ወንድ የሚፈትልበት መንደር

ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ላምበረት መናኸሪያ ንጋትን አይጠብቅም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ 120 ብር ከፍዬ ከላዳ ስወርድ በሩ ላይ «ደሴ! ደሴ!»፣ «ሸዋ ሮቢት!»፣ «ወልድያ፣ የቀረ!» የሚሉ ድምፆች ይሻማሉ፤ ሻንጣዬ መሬት ሳይነካ ሁለት ተሸካሚዎች በሁለት በኩል ይዘውታል። ብርዱ የጥር ብርድ ነው፣ ጋቢ ያልደረበ ሰው ቆሞ የማይችለው። ከአጥሩ ሥር አንዲት ሴት ከሰሏን አያይዛ ጀበና ጥዳለች፤ ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ተራ አስከባሪውም በርጩማ ላይ ተኮልኩለው እጃቸውን ፍሙ ላይ ዘርግተዋል። አንድ ስኒ በ5 ብር ጠጥቼ አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ። ትኬቴ እስከ ደሴ ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር፣ 190 ብር።

የምሄደው ግን ከደሴ አልፎ አውራ አምባ ነው። መንደሯ ደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ ውስጥ፣ ከባሕር ዳር 73 ኪሎ ሜትር ላይ ናትና ቀላሉ መንገድ በጎጃም በኩል ነበር። የላምበረቱን የመረጥኩት ወሎን ካየሁ ስለቆየሁ፣ ከወልድያ ወደ ወረታ የሚያቋርጠውንም አስፋልት ሄጄበት ስለማላውቅ ነው። ስለ አውራ አምባ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፣ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ፊደል ያልቆጠሩ አንድ ገበሬ፣ ዙምራ ኑሩ፣ በ1964 ዓ.ም. ከ19 ሰዎች ጋር ሆነው መሠረቷት፤ የሴት ሥራና የወንድ ሥራ የሚባል የለም፤ ሽማግሌ ጧሪ አያጣም፤ ይህ ሁሉ ይባላል። እኔ ለማመን የቸገረኝ አንዱን ብቻ ነበር፣ ወንዱ ጥጥ ይፈትላል የሚሉትን። እኩልነት ለስብሰባም ለእንግዳም በአፍ ሊነገር ይችላል፣ እንዝርት ግን እጅን ይጠይቃል፤ ያልለመደ እጅ ወዲያው ይታወቃል።

ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት ኮተቤ የሚኖሩ የደሴ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ነገ ታገባለች። ከሽሮ ሜዳ የገዙትን የሙሽራ ቀሚስ በነጠላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ «እላይ ላድርግልዎ እማማ?» ብላቸው «ተወው የኔ ዓለም፣ እዚሁ ይሁን» አሉኝ። 4 ሺህ 500 ብር ነው የገዙት፣ ዕቁባቸውን ቀድመው ወስደው። «ገና እስከ ኅዳር እከፍላለሁ» አሉና ሳቁ። ጥር የሠርግ ወር መሆኑን ረስቼው ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ዓይኔን ሳዞር ከግማሽ የሚበልጠው ሰው ሠርግ የሚሄድ መሰለኝ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት ጎረምሶች ሙሉ ልብሳቸውን በማንጠልጠያው እንዳለ መስኮቱ ላይ ሰቅለዋል።

12 ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣን። ኮተቤን፣ ካራን፣ ለገጣፎን በጨለማ አልፈን ሰንዳፋ ላይ ፀሐይ ወጣች። ሸኖ ስንደርስ ረዳቱ ሳይጠየቅ አስቆመ፣ ሴቶቹ በቅል የያዙትን ለጋ ቅቤ ወደ መስኮቱ አነሡ፣ እማማም ቀምሰው፣ አሽትተው፣ ተከራክረው ሁለት ኪሎ ገዙ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ደሴ ድረስ በቅቤ ሽታ ነው የሄድነው። ደብረ ብርሃን ላይ፣ 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ቁርስ ፍርፍር በ45 ብር። ከጣርማ በር አፋፍ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ገብተን በወዲያኛው በኩል ስንወጣ ምድሩ ከእግራችን ሥር የጠፋ ያህል ቁልቁል ወረደ፤ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ካለው ብርድ ተነሥቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሸዋ ሮቢት ሙቀት መግባት ጆሮን ይደፍናል። ደብረ ሲና ላይ የገዛሁት የ10 ብር ቆሎ ከሚሴ አደረሰኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በእንቅልፍ ነው ያለፍኩት፤ የማስታውሰው ግመሎችን፣ በአበባ ያጌጠ የሙሽራ መኪናን፣ ጥሩምባን፣ ደግሞ ሌላ የሙሽራ መኪናን ነው። ኮምቦልቻን አልፈን ደሴ ስንደርስ እየመሸ ነበር። እማማ ቀሚሳቸውን ታቅፈው ወረዱ፣ እኔ ፒያሳ አካባቢ በ250 ብር አልጋ ያዝኩ።

ጥር 19

ደሴ በእሑድ ጠዋት ከጦሳ ሥር አርፍዳ ትነሣለች። ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሚኒባስ 65 ብር። ሐይቅን በመስኮት አየሁት፣ ውኃው ላይ ጠዋቱ አልለቀቀም ነበር። ውጫሌ ላይ ሾፌሩ ለድንኳን ሰዎች መንገድ ለቆ ቆመ፤ አካፋና ቆርቆሮ ተሸካሚው፣ ጎላ ድስት ተሸካሚው ተሰልፎ ሲያልፍ በ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመበት ምድር መሆኑን ያነሣም የለም። ወልድያ በጊዜ ገባሁ። ማታ በሆቴሉ ግቢ ሠርግ ነበርና እንቅልፍ የለም።

ጥር 20

የወልድያ–ደብረ ታቦር መንገድ ከሄድኩባቸው ሁሉ ጭር ያለው ነው። ድልብን እየተጠማዘዘ ከወጣ በኋላ ሰማዩ ቀርቦ፣ ዛፉ አልቆ፣ የታጨደ ገብስና የድንጋይ ካብ ብቻ ይቀራል። ጋሸና ላይ፣ ወደ ላሊበላ በሚገነጠለው መንገድ አፍ፣ ሽሮ በ35 ብር በላን፤ ነፋሱ የምግብ ቤቱን በር አስሬ ይከፍተዋል፣ አሳላፊዋም አስሬ በእግሯ ትዘጋዋለች። እዚህ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ድረስ ተከናንቧል፤ ከጋቢው ላይ ካፖርት የደረበም አለ። ሸማ በዚህ አገር ለጌጥ አይደለም ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ነፋስ መውጫን አልፈን ደብረ ታቦር የገባነው ወደ 10 ሰዓት ነው። ክፍያው 135 ብር። ከከተማው ወጣ ብላ ጋፋት አለች፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን ሚሲዮናውያንና የአገሬውን ባለ እጆች አሰባስበው የሴባስቶፖልን መድፍ ያስቀለጡባት። ያን ከባድ ብረት ወደ መቅደላ ያስጎተቱት እኔ ዛሬ ተንገላታሁ ባልኩበት ዳገትና ቁልቁለት በኩል ነው። ባለ እጅን እንዲህ የፈለገ ንጉሥ ባለፈበት አገር ለብዙ ዘመን ቀጥቃጩ «ቡዳ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ተብሎ ተሰድቧል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን እኔ ልጅ ሳለሁም ነበር። ነገ የማየው መንደር በዚህ በተናቀ ሥራ የሚያድር ነው።

ጥር 21

ዛሬ አስተርእዮ ማርያም ናት። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚሄደው ሚኒባስ በነጭ በለበሱ ሰዎች ሞልቶ ነበር፤ ዓለም በር ላይ አብዛኞቹ ወረዱ፣ እኔ ትንሽ አለፍ ብዬ በ20 ብር መገንጠያው ላይ ወረድኩ። ወደ መንደሩ የሚያስገባው ጥርጊያ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአቅጣጫዬ በተቃራኒ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ገበሬዎች፣ ጃንጥላ የያዙ ሴቶች፣ አዲስ ቀሚስ ያጠለቁ ሕፃናት ይመጣሉ፤ እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን እያልን ተላለፍን። አንዱ «ዛሬ በበዓል ወዴት ነው?» አለኝ፤ ነገርኩት። «እነሱ በዓል የላቸውም፣ ታገኛቸዋለህ» አለኝ፤ ነቀፌታ ይሁን መረጃ ከፊቱ ላይ መለየት አልቻልኩም።

ድምፁን የሰማሁት ቤቶቹን ሳላይ ነው፤ ቀጭ–ቋ፣ ቀጭ–ቋ የሚል፣ ከብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚመጣ። በእንግዳ መቀበያው ትንሽ የመግቢያ ክፍያ ከፈልኩ፤ አንዲት ወጣት «አብሬዎት እዞራለሁ» ብላ ተነሣች። ረጅሙ አዳራሽ ውስጥ የሽመና መሣሪያዎቹ በሁለት ረድፍ ተተክለዋል። ከበሩ አጠገብ ያለችው ሸማኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በባዶ እግሯ መርገጫዎቹን ታፈራርቃለች፣ ድሩ ለሁለት ይከፈላል፣ መወርወሪያው ከቀኝ እጇ ወጥቶ ግራው ላይ ያርፋል፣ ማጉን ትመታለች፣ እንደገና። ዓይኗ ግን እጇ ላይ አልነበረም፤ ከጎረቤቷ ሸማኔ ጋር ስለ አንድ የጠፋ ባልዲ ይነጋገሩ ነበር። ጎረቤቷ ወንድ ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር መሆኑን፣ ማጉም እንደ ጨርቁ ዓይነት የፋብሪካ ወይም የእጅ ፈትል እንደሚሆን አስጎብኚዬ ነገረችኝ። ሽሮ ሜዳ የማውቃቸው ዶርዜዎች ዘንድ ሽመናው የወንድ፣ ፈትሉ የሴት ነው፤ ሌላውም የአገራችን ክፍል አብዛኛው እንደዚያው ነው። ሴት የሽመና መሣሪያ ላይ ተቀምጣ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ጥላ ሥር፣ የፈለግሁትን አገኘሁ። ስድሳን ያለፉ የሚመስሉ ሰውዬ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ባዘቶውን በግራ እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘዋል፤ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው ገፋ አድርገው ይለቁታል፣ እንዝርቱ እየሾረ ይወርዳል፣ ክሩ ከጣታቸው እየቀጠነ ይከተለዋል፣ መሬት ሊነካ ሲል ያነሡትና ይጠመጥሙታል። ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ይህ ለጎብኚ ተብሎ የተቀመጠ እጅ አይደለም። «አባቴ፣ ከማን ተማሩት?» አልኳቸው። «ከሚስቴ ነዋ» አሉ፣ ሌላ ከማን ሊሆን ኖሯል በሚል ድምፅ። ልሞክር ብዬ ተቀበልኳቸው። ክሩ ወፈረ፣ ከዚያ ቀጠነ፣ ከዚያ ተበጠሰ። ሁለት ሕፃናት መጥተው በጥሞና ተመለከቱኝ፤ አንደኛዋ «ግራ እጅህን አታውርደው» ብላ አረመችኝ። ሰውዬው እንዝርቱን ተቀብለው የበጠስኩትን በምራቅ ቀጠሉና ሥራቸውን ያዙ።

የመንደሩ ሰዎች ሽመና የያዙት መሬት ስላጡ ነው። ዙምራ ሕፃን ሳሉ እናታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ውለው ማታ ደግሞ ሲፈጩና ሲጋግሩ፣ እግር ሲያጥቡ፣ ያም ሆኖ ሲሰደቡ እያዩ ለምን እያሉ ይጠይቁ ነበር ይላሉ፤ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ስለ ምን ይለያል ብለውም ይጠይቁ ነበር። የጠየቁት ሁሉ እንደ እብድ አስቆጠራቸው። አካባቢያቸውን ለቀው ሐሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ ዓመታት ከዞሩ በኋላ ነው እዚህ የተሰባሰቡት። በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ የጎረቤት ጥላቻና የፖለቲካ ክስ ሲበረታ መንደሩ በሙሉ እስከ ቦንጋ፣ ካፋ ድረስ ተሰደደ። ደርግ ወድቆ ሲመለሱ እርሻቸው በሌላ ተይዟል፤ የቀረላቸው 17 ሄክታር ተኩል ገደማ ነው። በዚህ መሬት ከአራት እስከ አምስት መቶ ሰው አርሶ አይበላም። ስለዚህ የሽመና መሣሪያ ተከሉ፣ ወፍጮ አቆሙ፣ ሱቅ ከፈቱ። የማኅበሩ አባላት ዓመቱን ሠርተው ትርፉን እኩል ይካፈላሉ፤ ሴትና ወንድ ሥራ አለመለየቱም ለሆድ ጠቅሟል፣ በእጅ የሚያድር ማኅበር ግማሹን እጁን በልማድ አስሮ አያቆይምና። ይህን እኔ ነኝ የምለው፤ አስጎብኚዬ የምትለው ሰው ሁሉ እኩል ስለሆነ ነው።

ቤቶቹ የጭቃ ናቸው፣ ውስጣቸው የተለሰነ፤ መደቡም መደርደሪያውም ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ። ምድጃው ዙምራ የነደፉት ነው አሉ፤ እሳቱ በጭቃ ታጥሮ፣ ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። አንድ ጎረምሳ ምጣዱን አስሶ ሊጡን በጣሳ ሲያዞር አገኘነው። የልጁ ዓይን በጭስ አልተጨፈነም። እናቴ ዓይኗን የምታብስበት የነጠላ ጫፍ ሁሌ ጥቁር ነበር፤ እዚያ ቆሜ ስለዚያ ጫፍ አሰብኩ። ልጁ እንጀራውን ሲያወጣ ጠርዙ ተቀደደበትና «ይቺ የእንግዳ ናት» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ከሽሮ ጋር በላሁት፤ በኋላ በመንደሩ ካፌ የበላሁት ምሳ 30 ብር ነበር።

ከሰዓት በኋላ የመዋዕለ ሕፃናቱን ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የአረጋውያኑን ቤት አየሁ። ትምህርት ቤቱ ከጎረቤት ቀበሌዎችም ልጆችን ይቀበላል። በሳምንት አንድ ቀን ሁሉም የሚሠራው ለራሱ ሳይሆን ለአቅመ ደካማው ነው፤ «ለወገን ደራሽ» ይሉታል። በየቤቱም በየ15 ቀኑ ቤተሰቡ ተቀምጦ ይገማገማል፣ ልጅ አባቱን «በዚህ ቀን ተቆጥተኸኝ ነበር» ይለዋል። በቤተ መጻሕፍቱ ያሉት መጻሕፍት ብዙ አይደሉም፣ አንዳንዶቹ የሚነበቡም አይመስሉም፤ ግን በበዓል ቀን ከሰዓት በኋላ አራት ልጆች ተቀምጠው ያነቡ ነበር፣ በእኔ ሰፈር ይህን አላየሁም።

አስጎብኚዬን ስለ ሠርግ ጠየቅኳት፤ ከላምበረት ጀምሮ ጥሩምባ ሲከተለኝ መጥቷልና። ሴቷ 19፣ ወንዱ 22 ዓመት ሲሞላቸው፣ ተፈቃቅደው ውል ይፈርማሉ፤ በቃ። «ድግሱስ?» «ሥራ አለብን» አለች። እኔ እማማንና ዕቁባቸውን አስቤ ብልህነት ነው አልኩ፤ ግን የእማማ ሳቅም አልጠፋኝም። ለቅሶው ነው የከበደኝ። ሰው ሲሞት የሚቀብሩት ይቀብራሉ፣ ሌላው ሥራው ላይ ነው፤ ድንኳን የለም፣ ሰልስት የለም፣ ተዝካር የለም። «በቁሙ ሳለ ነው የምንንከባከበው» አለችኝ። የአረጋውያኑን ንጹሕ አልጋ ስላየሁ ይህን አልጠራጠርም። ሆኖም ዕድርተኛ ሦስት ቀን ከጎኔ ሳይቀመጥ ሐዘን እንዴት እንደሚወጣ አሁንም አልገባኝም። እሷም የማይገባኝ ነገር ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለን ሄድን።

መልሶቿ አንዳንዴ የተጠኑ ይመስላሉ፤ በአውቶቡስ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቀ መልሱም አንድ ቢሆን አይፈረድባትም። ዙምራን አላገኘኋቸውም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጣቸው ሰው ናቸው፣ ብዙ እንግዳ ይጠይቃቸዋል፤ እኔ የመጣሁበትን እንዝርት አይቼ ስለነበር አልጨቀጨቅኩም። በእንግዳ ማረፊያው 80 ብር ከፍዬ አደርኩ። ሽመናው የቆመው ሲጨልም ነው።

ጥር 22

ጠዋት ከሱቃቸው አንድ ጋቢ በ620 ብር ገዛሁ። ትንሽ ቀንሱ ብዬ ነበር፤ ሻጩ ዋጋው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው አለኝ፣ ፈገግ ሳይልም ሳይቆጣም፣ ክርክሩ የሚጀመርበት ቀዳዳ አልነበረውም። አስፋልቱ ዳር የወረታ ሚኒባስ ለመጠበቅ ረዘም ያለ ጊዜ ቆሜያለሁ፤ ፀሐዩ ከረር ያለ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ከየት እንደመጣሁ ሲያውቁ ወሬው ተነሣ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት «ጾም የላቸው፣ በዓል የላቸው፣ ምን ዓይነት ሰው ናቸው እነዚህ?» አሉ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ተማሪ «አባባ፣ እኔ እኮ እዚያው ነው የተማርኩት፤ በአንድ ፈጣሪ ያምናሉ፣ ሲሰድቡ ግን ሰምቼ አላውቅም» አላቸው። «አለመሳደብ ሃይማኖት ነው እንዴ?» አሉት። አንዲት ሴት፣ እግሯ ሥር የዱቄት ከረጢት ያስቀመጠች፣ ሳትጠየቅ ገባች፦ «እኔ ሃይማኖታቸውን አላውቅም፤ ወፍጯቸው ግን አይሰርቅም።» ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አዛውንቱም ሳቁ፣ ግን አልተረቱም፤ የራሳቸው እህል የት እንደሚፈጭ ተማሪው ሲጠይቃቸው «እሱማ ቅርብ ስለሆነ ነው» አሉ። ከዚያ ክርክሩ ወደ ዱቄት ዋጋ ዞረ፣ ከዱቄት ወደ ሩዝ፤ በሁለቱም ወገን የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል፣ የሩዝ ገለባው በየቦታው ተከምሯል፣ በመስኖው ዳር ሽንኩርት አረንጓዴ ሆኗል። ወረታ ላይ 15 ብር ከፍዬ ወረድኩ። ለባሕር ዳሩ ሚኒባስ ሁለት ሰው ቀርቶት ነበር።